«ለምልክት መልስ አትስጡ» ላሉን ለተከበሩ ዳይሬክተር

ለርቱዕ አንደበት የርቀት የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን አለ? ልጆች ካሉዎት እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልዎ፤ ይህን አንዱን ከልቤ ነው የምለው።

እኔ የሺዓለም እባላለሁ። የአዳማ ነዋሪ ነኝ፤ በልብስ ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። በእናንተ መዝገብ ደግሞ ስሜ «የተገልጋይ ቁጥር 417 አሳዳጊ» ነው። የአምስት ዓመቷ ልጄ ዱሬቲ ንግግር ስለዘገየባት በስልክ፣ በቪዲዮ እንድትረዱልን ባለፈው መስከረም ያስመዘገብናት ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚህ በፊት በዝግ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች በደቂቃ ውስጥ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልስ አግኝተው በዚያው ስለቀሩ፣ ይህኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ዜናው ከደረሰኝ ቀን ልጀምር። እሑድ፣ ግንቦት ሦስት ቀን ነበር። በዋዜማው ዱሬቲን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል በአምቡላንስ ሲልኳት፣ አብሯት መግባት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው ስለተባለ ባለቤቴ ጫምሳ ሄደ፤ እኔም በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ልከተላቸው ልብሷን በፌስታል አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ጎረቤታችን ዓብዱ ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ መጥቶ መናኸሪያ ሊያደርሰኝ ተቀጣጥረን ነበር። እውነትም በሰዓቱ መጣ። የባጃጁ ድምፅ ግን አልተሰማም። በእግሩ ነው የመጣው፤ ከኋላው የዕድራችን ዳኛ፣ ከእሳቸው ኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ የሰፈር ሴቶች ነበሩ። ማንም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ገባኝ። በአገራችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነግረው፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ በአቅራቢያው እንዲኖር። ይህን የምነግርዎ እናንተ በርቀት ስለምትሠሩ ምናልባት ተዘንግቷችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።

ከእጄ የወደቀው ስልኬ በዚያው ሰዓት ጮኸ። ዓብዱ አንስቶ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው። እኔ መልእክቱን ያነበብኩት ከሠልስቱ በኋላ ነው። የእናንተ ነበር፤ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ደስ አለዎት! የላኳቸውን ቪዲዮዎች ገምግመናል። ልጅዎ በእጅ ምልክት የተጠቀመችው ሰኞ 11 ጊዜ፣ ማክሰኞ 6 ጊዜ፣ ረቡዕ 0 ጊዜ ነው። መልስ ባለመስጠት ያሳዩትን ጽናት እናደንቃለን። በዚሁ ይቀጥሉ።» ግምገማ የሚደርሰው በሰባት የሥራ ቀን ነው ብላችሁን ሳለ ከረቡዕ በአራተኛው ቀን፣ ያውም በእሑድ ማለዳ፣ ስላደረሳችሁልኝ ትጋታችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

ነገር በቁጥር ሲቀርብላችሁ እንደምትወዱ ስላስተዋልኩ፣ የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ሶሲን ስለሰጣችሁን፣ ቀጥሎም ስለወሰዳችሁብን።

ሶሲ የመጀመሪያዋ ሐኪማችን ነበረች፤ ማክሰኞና ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በስልኩ መስኮት ብቅ ትላለች። ዱሬቲ በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ገልብጣ ሶሲን ከጀርባው ፈለገቻት። ሶሲ አልተቆጣችም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጠረጴዛዋ ሥር ተደብቃ «ዱሬ፣ የት አለሁ?» እያለች ጠራቻት፤ ልጄ እስክትንከተከት ሳቀች። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቪዲዮውን ትታ በተራ ጥሪ ትደውልና ትዘፍንላት ነበር። ለእኛም እንዲህ ትለን ነበር፦ «እጇን ስትዘረጋ ስጧት፤ ስትሰጧት ቃሉን እናንተ በሉላት፤ አሁን የምታወራው በእጇ ነው፤ ቃሉ ይከተላል።» በአምስት ሳምንት ውስጥ ልጄ ሦስት ቃል ጨመረች፤ «ውሃ»፣ «እምቢ» እና የዓብዱን ባጃጅ ስታይ የምትለው «ባጃ»። በርቀት የሚሰጥ ሕክምና ሁሉ ከንቱ ነው እንዳልል የምትከለክለኝ ሶሲ ናት። እናንተ ግን አንድ ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የምታጠፋ ሠራተኛ እንዳለችው ማዕከላችሁ ቶሎ ስላወቀ፣ በስድስተኛው ሳምንት በሶሲ ፈንታ አስቀድሞ የተቀዳ ትምህርትና የሚሞላ ቅጽ ላካችሁልን። ከሰው ጋር ከመነጋገር ድካም ስለገላገላችሁን እናመሰግናለን።

2ኛ. ስለ ሥዕሎቹ።

አዳማ ሙቀቷ እንዴት እንደሆነ በዚህ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ ለልጄ የላካችሁት ከበረዶ የተሠራ ሰው፣ የሱፍ ጓንት፣ ሰው በበረዶ ላይ የሚንሸራተትበት እንጨት ነበር። ዱሬቲ ምንም ሳትል ብትቀር «ዜሮ» ተሰጣት። እኔም ብሆን ዜሮ ነበር የማገኘው። የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ሐብሐብ ልካችሁላት ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ትል ነበር ብዬ በቅጹ ላይ ብጽፍ «አስተያየትዎ ለእኛ ዋጋ አለው» አላችሁኝ። ዋጋው ስንት እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

3ኛ. ስለ መመሪያ ቁጥር አራት።

ክቡርነትዎ፣ ይህን መመሪያ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ልጁ በእጅ ሲጠቁም፣ ሲጎትት፣ ምልክት ሲያሳይ መልስ አትስጡ። ቃሉን እስኪናገር ጠብቁ። ለምልክት መልስ መስጠት ዝምታን መመገብ ነው። መላው ቤተሰብ ያክብር።» ከሥሩ የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም አለበት። የመመሪያዎቹን ወረቀት እንዳለ ጽሑፍ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳትሜ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ሶሲ ያለችን ከዚህ ተቃራኒ መሆኑን አላጣሁትም፤ ነገር ግን ሶሲ ማኅተም የላትም። እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሴት ነኝና ማኅተም ያለበትን ነገር አምናለሁ። ይህ ድክመቴ ለእናንተ ብዙ እንደጠቀመ እረዳለሁ።

በቤታችን ማኅተም የማይገባቸው አንድ ሰው ነበሩ፤ አማቴ እማማ ዲንቄ። ዱሬቲ ከተወለደች ጀምሮ ከሁሩታ መጥተው ከእኛ ጋር የኖሩ፣ እኔ ፋብሪካ ስውል ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «አኮ» ትላቸው ነበር፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው፤ የመጀመሪያ ቃሏም እሱ ነው። መመሪያውን አንብቤ ሳስረዳቸው ሰሙኝና «ልጅቱ ጠምቷት ነው ወይስ ፈተና ላይ ተቀምጣ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ፊት መመሪያውን ያከብራሉ፤ ዱሬቲ ወደ ማሰሮው ስትጠቁም እንዳላየ ሰው ፊታቸውን ያዞራሉ። ትንሽ ቆይተው ግን አያትና ልጅ ከጓዳ ሲወጡ የልጅቱ አገጭ በውሃ ርሶ አገኘዋለሁ።

በየሳምንቱ በምትልኩት ቅጽ ላይ «በቤት ውስጥ መመሪያውን የማያከብር ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እናንተም «የተጠናከረ ወር» ለምትሉት ጊዜ ግለሰቧ ከልጅቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ቢቀንስ እንደሚመረጥ በትሕትና መከራችሁኝ። እኔ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፤ እማማ ዲንቄን «እስቲ ዘመድ ይጠይቁ» ብዬ ወደ ሁሩታ ሸኘኋቸው። ለምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «ውሃዋን በሰማያዊው ኩባያ ነው የምትወደው» ብቻ አሉኝ። የሰባ ዓመት ሴት በአንዲት ጭረት ከቤቷ ማስወጣት የሚችል ቅጽ ስላዘጋጃችሁ ልትመሰገኑ ይገባል።

4ኛ. ስለ ሦስቱ ቀናት።

እዚህ ላይ ምስጋናው ያልቅብኛል፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

ሰኞ ዱሬቲ ምሳ እምቢ አለች። እጄን ይዛ ሆዷ ላይ፣ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል፣ አስቀመጠችው። እኔ ስልኬን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፌ መቅዳት ጀመርኩ፤ የዕለቱን ቪዲዮ ገና አልላክሁም ነበርና። እጄን ቀስ ብዬ ወሰድኩ፤ መመሪያው እንደሚለው ፈገግ ብዬ «ምን ፈለግሽ? በቃል ንገሪኝ» አልኳት። እጄን መልሳ ወሰደችው። እኔም መለስኩት። አሥራ አንድ ጊዜ መሆኑን ከእናንተ ሠንጠረዥ ነው ያወቅሁት፤ እኔ አልቆጠርኩም፤ ፈገግታዬ እንዳይጠፋ እየተጠነቀቅኩ ነበር። ማክሰኞ ስድስት ጊዜ። ረቡዕ ፍራሽ ላይ ተጠቅልላ ተኛች፤ እጇን ወደ እኔ አልዘረጋችም። እኔ በቅጹ ላይ «ምልክት ማሳየት አቁማለች» ብዬ ጻፍኩ። ደስ ብሎኝ እንደጻፍኩትም አልደብቅዎትም።

ሐሙስ ዓብዱ እንደ ልማዱ በባጃጁ ሊያንሸራሽራት በሩ ላይ ጥሩንባ ነፋ። «ባጃ» ሳትለው ሲቀር ገብቶ ግንባሯን ነካ። «የሺ፣ ይቺ ልጅ እኮ እየነደደች ነው፤ አንቺ ምን እየጠበቅሽ ነው?» አለኝ። ቃል እየጠበቅሁ ነው ልለው አፈርኩ። በአዳማ ሆስፒታል ትርፍ አንጀቷ ከፈነዳ መቆየቱን ነገሩን፤ ቀዶ ጥገናም አደረጉላት፤ መርዙ ግን አስቀድሞ በሆዷ ተሰራጭቶ ነበር። ሐኪሙ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «መናገር ባትችልም አላሳየችሽም እንዴ? ልጆች እኮ በእጃቸው ያሳያሉ» አለኝ። ያንን ሰው ደመወዝ ከፍላችሁ ብትቀጥሩት መልካም ነበር።

ክቡርነትዎ፣ የዓብዱን በእግር መምጣት አይቼ፣ አንድ ቃል ሳይነገረኝ፣ ልጄ መሞቷን ያወቅኩ ሴት ነኝ። የልጄ እጅ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እጄን ወደ ሆዷ ሲወስድ እያየሁ ምን እንደሚል አላውቅም ብዬ ተቀመጥኩ፤ አለማወቄንም ቀድቼ ላክሁላችሁ። የእኔን ጥፋት ለእርስዎ አላካፍልም፤ እሱ የእኔ ነው። የእርስዎን ድርሻ ግን አልሸከምልዎትም።

5ኛ. ስለ መሰናበቻ ቅጹ።

መሞቷን በጻፍኩላችሁ በሦስተኛው ቀን የአበባና የበራ ሻማ ምስል፣ ከሥሩም የመሰናበቻ ቅጽ ደረሰኝ። «አገልግሎቱን ያቋረጡበት ምክንያት፦ ሀ. ልጁ በቂ ለውጥ አሳይቷል፤ ለ. የኔትወርክ ችግር፤ ሐ. ፍላጎት ማጣት፤ መ. ሌላ።» «መ»ን መረጥሁ። ቅጹ «እባክዎ ያብራሩ» አለኝ። ይኸው እያብራራሁ ነው።

እማማ ዲንቄ ለቀብር ከሁሩታ መጡ። እንዲወቅሱኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢወቅሱኝ ደስ ባለኝ። ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ግድግዳው ላይ ወዳለው ወረቀት እያዩ «እስቲ ምን እንደሚል እንደገና አንብቢልኝ» አሉ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አነበብኩላቸው። አራተኛው ላይ ቆምኩ። እሳቸውም «እኔ እኮ ውሃ እሰጣት ነበር» አሉኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ እገባለሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ነው።

ሐዘን ላይ በተቀመጥኩ በአሥራ ስድስተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ አያንቱ ልትጠይቀኝ መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። የማዕከላችሁ ገጽ ነበር። የሰኞውን ቪዲዮ አሳጥራችሁ፣ ሙዚቃ ጨምራችሁ፣ «የወላጆች ጽናት፦ ምርጥ ተሞክሮ» ብላችሁ አውጥታችሁታል። ፊቷን በጭጋግ ስለሸፈናችሁላት ለጨዋነታችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ። እጆቿ ግን በደንብ ይታያሉ። የእኔን እጅ ይዛ ወደ ሆዷ ስትወስድ፣ እኔ ስመልስ፣ እሷ ስትወስድ፣ እኔ ስመልስ። ሦስት ሺህ ሰው ወዶታል።

ከሥሩ ከተጻፉት አስተያየቶች አንዱን አዳሚ ቱሉ የምትኖር እናት ጽፋዋለች። «ተባረኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። የእኔ ልጅ ሰሞኑን ጆሮውን እየያዘ አስቸግሮኛል፤ እስኪናገር መልስ አልሰጠውም» ትላለች። የእናንተ ገጽ መልሶ የልብ ምልክት ልኮላታል።

በዚያው ቅጽበት በአያንቱ ስልክ «እህቴ፣ ልጅሽን ሐኪም ቤት ውሰጂው» ብዬ ጻፍኩላት። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጽሑፌ ጠፋ፤ አያንቱም ከገጹ ታገደች። ልጄ ሆዷን ስትይዝ ለማየት ስድስት ቀን የፈጀበት ገምጋሚ ቡድን እኔን በአሥር ደቂቃ ስላየኝ በፍጥነታችሁ ተደምሜአለሁ።

ሰዎች «ክሰሻቸው» ይሉኛል፤ «ቪዲዮውን አስጠፊ» ይሉኛል። እኔ ግን እንዲጠፋ አልጠይቅም። ያየው ሰው አይቶታል፤ ቢጠፋ የተማሩት ነገር አብሮ አይጠፋም። ልጄን ስትመዘግቡልን በሰጣችሁን ወረቀት ላይ «በስድስት ወር ውስጥ ባለ ሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር ትናገራለች» ብላችሁ ነበር። እሷ አልደረሰችበትም። ያንኑ ባለ ሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር አሁን ከእርስዎ እጠይቃለሁ። በቪዲዮው ላይ፣ «ምርጥ ተሞክሮ» ከሚለው ቦታ፣ በዚያው መጠንና በዚያው ቀለም ይጻፉልኝ፦

ልጅቱ እያመማት ነበር።

ይኸው ነው። ለአንድ ዳይሬክተር ከባድ አይመስለኝም። ስሜን አልጠየቅሁም፣ ካሳ አልጠየቅሁም፣ ይቅርታም አልጠየቅሁም። የአዳሚ ቱሏ እናት ገጹን መልሳ ስትከፍት እንድታነበው ብቻ ነው።

እርስዎ እስኪጽፉት ድረስ ለእሷ እኔ ልንገራት። እህቴ ሆይ፣ ስምሽን አላውቀውም፤ ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ ልጅሽ የያዘውን ጆሮ እዪለት። መልስ ስጪው። ቃሉን አንቺ በይለት።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እኔ ልጄን «ዱሬ» ብዬ ነው የምጠራት፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ በዚህ ስም ጸልዩላት፤ ዓብዱ በየጁምዓው ዱዓ እንደሚያደርግላት ነግሮኛልና መስጊድ የምትሄዱም አትርሷት፤ ጸሎት ቤት የምትሄዱም እንደ ልማዳችሁ በእግዚአብሔር ፊት አስቧት። በጸሎታችሁ ረጅም ቃል አያስፈልጋትም፤ እሷም ብዙ ቃል አልነበራትም። እጃችሁን ዘርጉላት፤ እዚያ ያለው መልስ ይሰጣታል።

በቁጥር 417 መዝገብ ውስጥ መልስ ባለመስጠት ጽናቷ የተደነቀችው፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና ከመመኘት ያልቦዘነችው፣ ትሑት ተገልጋይዎ፣

የሺዓለም፣ የዱሬቲ ጫምሳ እናት
አዳማ

ማሳሰቢያ፦ ክቡርነትዎ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሌላ የአበባ፣ የሻማ ወይም የተጣመሩ እጆች ምስል ሊልኩልኝ ያስቡ ይሆናል። እባክዎ አይድከሙ። ወረቀቱ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ነው፤ በፊርማዎ በጸናው መመሪያ ቁጥር አራት መሠረት ለምልክት መልስ አልሰጥም። ቃሉን እስኪናገሩ ፈገግ ብዬ እጠብቃለሁ።